«ቤት ስገባ ሌላ፣ ስወጣ ሌላ»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? ባለፈው ወር እዚሁ አምድ ላይ «ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለዳችሁ ወይ በልጅነታችሁ የተሰደዳችሁ፣ ለቤተሰብ ሳትነግሩ የያዛችሁት ነገር ምንድነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ልጆቹ ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ ወላጆቹ በዙ፣ አብዛኛው መልእክት ደሞ የተላከው ከሌሊቱ ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፣ እንቅልፍ ያጣው ማን እንደሆነ ከዚህ ገባኝ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አራቱን መርጫለሁ፣ ስምም ሆነ ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ። እኔም በ11 ዓመቴ ነው ሳልጠየቅ የተሰደድኩት፣ እና አንዳንድ ቦታ ለልጆቹ ካደላሁ በዛ ቁጠሩልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የ16 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ስንመጣ 5 ዓመቷ ነበር። ድሮ ከጉያዬ የማትወጣ ልጅ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሰላም ሳትለኝ ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋለች። በቋንቋችን ሳናግራት በሌላኛው ነው የምትመልስልኝ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ካውንስለር ደውላ ልጅሽ ዲፕሬሽን ሊኖርባት ይችላል፣ ባለሙያ ታናግር አለችኝ። ደነገጥኩ፣ አፈርኩም። ማታ ምን ጎደለሽ አልኳት፣ እኛ እኮ ሁሉን ነገር ጥለን የመጣነው ለናንተ ነው፣ ሁለት ሥራ የምንሠራው ለናንተ ነው አልኳት። ዝም ብላ አይታኝ «አንቺ እኮ አታውቂኝም» ብላ ገባች። አባቷ የቲንኤጀር ነገር ነው ያልፋል ይላል። እውነቱን ንገሪኝ፣ በሽታ ነው ወይስ ጥጋብ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የካውንስለሯን ነገር እንጨርስ። ስልኩ የተደወለው አንቺን ለመክሰስ አይደለም፣ ልጅሽን ልብ ብሎ ያያት ሰው ተገኘ ማለት ነው፣ እኔ ብሆን ደውዬ አመሰግናት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የሆነ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፣ ስደተኛ ይሁን አይሁን፣ አብዛኛው ደሞ ማንም ሳያውቅለት ሳይታከምም ነው የሚቀረው። ያንቺ ቤት ላይ ብቻ የወረደ መዓት አይደለም።

«በሽታ ወይስ ጥጋብ» ስትዪኝ ግን ትንሽ ደነገጥኩ ምክንያቱም ሁለቱም እሷን ጥፋተኛ ነው የሚያደርጓት፣ ዝም ብሎ ከብዷት ሊሆን እንደሚችል ቦታ አልሰጠሽውም። በር ስለዘጋች ብቻ አልጨነቅም፣ በ16 ዓመቱ በር የማይዘጋ ማን አለ። የሚያስጨንቀኝ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከደበራት፣ ትወደው የነበረ ነገር ካስጠላት፣ እንቅልፏና አበላሏ ከተዛባ፣ ውጤቷ ድንገት ከወረደ፣ አንቺን ብቻ ሳይሆን ጓደኞቿንም ከሸሸች ነው። ራሴን አመመኝ ሆዴን ቆረጠኝ እያለች ሐኪም ጋር ተመላልሳ ምንም ካልተገኘ እሱንም ቁጠሪው፣ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚወጣው። ስለ መሞት የሆነ ነገር ካለች ወይ ራሷን ከጎዳች ደሞ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት፣ መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣባትም፣ ይሄ በደንብ የተጠና ነው፣ መልሷ አዎ ከሆነ ለብቻዋ ሳትተያት በዛው ቀን ሐኪም ጋር ይዘሻት ሂጂ።

አሁን ስለ ቃሉ እናውራ። «ዲፕሬሽን» ሲባል እብደት እብደት ይሸታል፣ አውቃለሁ። ግን አንቺ ራስሽ ከመጣሽ ጀምሮ ስንቴ ነው «ሆድ ባሰኝ» ያልሽው? ሆዴ ባባ፣ ጭንቅ ጥብብ አለኝ፣ አንጀቴ አረረ፣ እኛ እኮ ሀዘናችንን በሙሉ ሆዳችን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ሲብስ ደሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንከድነዋለን። ልጅሽ የተማረችው ሌላ ነው፣ ትምህርት ቤት ስሜትን በስም እየጠሩ ማውራት ነው ያስተማሯት፣ አንዛይቲ፣ ስትሬስ፣ ትራውማ ምናምን፣ እነዚህን ቃላት የምታውቃቸው በሌላኛው ቋንቋ ብቻ ነው፣ «ሆድ ባሰኝ» የሚለውን ግን ማንም ተቀምጦ ምን ማለት እንደሆነ አልነገራትም። እና አንድ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ተመሳሳይ ነገር አሟቸው በማይገናኝ ቃል ያወራሉ። በሌላኛው ቋንቋ የምትመልስልሽ ንቃሽ ነው ብለሽ ከሆነ እስኪ እንደገና አስቢው፣ ስለ ራሷ የምታወራበት ቃል ያላት በዛ ብቻ ይሆናል። ስለ ስሜቷ ስታወራ በፈለገችው ታውራ፣ በዛ ሰዓት ቋንቋ አታርሚ፣ አንቺ በራስሽ መልሺላት፣ ግማሹ ቢጠፋም ግማሹ ይደርሳል።

«አታውቂኝም» ያለችሽን ደሞ እንደ ስድብ አትውሰጂው። አሌሃንድሮ ፖርተስና ሩበን ሩምባውት የሚባሉ ሁለት ሶሲዮሎጂስቶች አሉ፣ ሁለቱም ኩባ ተወልደው አሜሪካ የገቡ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምረው ከ5,000 በላይ የስደተኛ ልጆችን ከልጅነት እስከ ወጣትነት ተከታትለዋል። ካዩት ነገር አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ልጁ አዲሱን ቋንቋና አኗኗር ይዞ ሲሮጥ ወላጅ እዛው ከቀረ ቤት ውስጥ ጠቡ ይበዛል፣ ወላጅም መሰማቱ ይቀራል። ሁለቱንም ቋንቋ አጥርተው የያዙት ልጆች ግን ከቤተሰባቸውም ጋር የተሻለ ይግባባሉ፣ ለራሳቸውም የተሻለ ግምት ነበራቸው። እና አንቺም ጥቂት እርምጃ ወደ እሷ መሄድ ይጠበቅብሻል። የምትሰማውን ዘፈን አብረሽ ስሚ (ጆሮሽን ቢያምሽም)፣ የቅርብ ጓደኛዋን ስም እወቂ፣ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ጠይቂያት፣ ስለ ውጤት ሳትጠይቂ።

የመጨረሻው ትንሽ ያማል። «ለናንተ ብለን ነው የመጣነው» የሚለው ቃል። እውነት ነው፣ አልጠራጠርም፣ ግን ልጅ ጆሮ ላይ ሲደርስ ሂሳብ ነው የሚሆነው፣ ሳትበደር የተጻፈባት ዕዳ፣ እና ዕዳ ያለበት ሰው ደሞ ከፋኝ ለማለት አፉን አይሞላም። ፖሊን ቦስ የምትባል የቤተሰብ ቴራፒስት በ1970ዎቹ ስም ያወጣችለት የሀዘን ዓይነት አለ፣ ቁርጡ ያልታወቀ እጦት ብንለው ይሻላል፣ ያጣሽው ነገር አልሞተም ግን የለሽም፣ ስለዚ አልቅሰሽ አትጨርሺውም። እሷ ስደትንም እዚህ ውስጥ ትቆጥረዋለች። እናትሽ እዛ አሉ፣ ሰፈርሽ አለ፣ የተማርሽው ሙያ አለ፣ አንዱም ግን አጠገብሽ የለም። ይሄ ሀዘን መውጫ ሲያጣ ነው «ለናንተ ብለን» ሆኖ የሚወጣው፣ ቁጣ ይመስላል እንጂ ውስጡ ለቅሶ ነው።

እናቴ የመጣን ሰሞን በየማታው ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ አልቅሳ ጨርሳ ፊቷን ጠራርጋ ነበር ቤት የምትገባው። ይሄን የነገረችኝ እኔ 30 ካለፈኝ በኋላ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ እኔም ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ የማለቅሰውን እነግራት ነበራ! ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን ላለማስጨነቅ ስንት ዓመት ተደባበቅን።

ስለዚ ልጅሽን ዛሬ ማታ አስቀምጠሽ አትመርምሪያት። መኪና ውስጥ ወይ ዕቃ ስታጥቡ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ፣ ያጣሽውን አንድ ነገር ንገሪያት፣ አንድ ብቻ፣ ምክር ሳትጨምሪበት። መልስ አትጠብቂ፣ «እሺ» ብላ ልትሄድ ትችላለች። ከሳምንት በኋላ ሌላ። ለባለቤትሽ ደሞ እስኪያልፍ ድረስ ከሷ ጋር ማን ይቀመጣል በይልኝ፣ ጠዋት እሱ ያድርሳት። የካውንስለሯንም ቀጠሮ ያዢ፣ ይሄ ሁሉ የሱ ምትክ አይደለም።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጃችን ትምህርት ሲጀምር አስተማሪው ቤት ውስጥም በአገሩ ቋንቋ አናግሩት፣ አለበለዚያ ግራ ይጋባል አሉን። ባለቤቴ ተስማማች፣ እኔን ሆዴ እምቢ አለኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሆድህ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ግራ አያጋባም፣ አፍ መፍታትም አያዘገይም፣ ይሄ ድሮ የነበረ እምነት ነው፣ አሁንም ድረስ ደግ ሰዎች ይደግሙታል። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢቀላቅል ሳቅበትና እለፈው። የአገሩን ቋንቋ ፈለግክም አልፈለግክም ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል፣ ያንተን ግን ካንተ በቀር ከየት ያመጣል? ደሞ አንተ በተሰባበረ ቋንቋ ስታሳድገው የሚያውቀው ቀልዱ የማይያዝ፣ ተቆጥቶ እንኳን ቃል የሚያጥረው አባት ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ በሁለቱም ቋንቋ ከዘገየ በቋንቋ አታሳብ፣ የንግግር ባለሙያ ይየው።

ጥያቄ፦ 23 ዓመቴ ነው፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። ከ9 ዓመቴ ጀምሮ አስተርጓሚ ነኝ፣ ባንክ፣ የቤት ኪራይ፣ የመንግሥት ቢሮ፣ የታናናሾቼ ትምህርት ቤት። 12 ዓመቴ እያለሁ ለእናቴ የካንሰር ምርመራ ውጤቷን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ሲነግረኝ ለደቂቃ ዝም አልኩ፣ እሷ ደሞ «ምን አለ? ምን አለ?» ትለኛለች። ድና አለች ተመስገን። አሁን ሥራ አለኝ ግን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ አልዝናናም፣ ቤት የሆነ ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል። በሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነበር፣ እንቢ አልኩ። ለማንም ሳልነግር። አንዳንዴ በጣም እናደድባቸዋለሁ ከዛ ወዲያው እጸጸታለሁ። ራስ ወዳድ ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለህም፣ እና ያቺን ደቂቃ ሳነብ እኔም ዝም አልኩ። የ12 ዓመት ልጅ ያንን ቃል ተርጉሞ እናቱ ፊት ላይ የሚሆነውን ማየት አልነበረበትም። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ የፌዴራል የጤና ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መጠቀም ተከልክሏል፣ ሌላም አገር ቢሆን ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ በስልክ የሚገኝ አስተርጓሚ አላቸው፣ ቤተሰብ ግን አይጠይቅም ምክንያቱም አንተ አለህ። ጥፋቱ ያንተም የናትህም አልነበረም። እዛ ክፍል ውስጥ ለአስተርጓሚ መደወል የነበረበት ሰው ነጭ ጋወን ለብሶ ቆሞ ነበር።

ማስተርጎም ራሱ መጥፎ ነው አልልም። ለቤተሰባቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሁለት ዓይነት ነገር ነው የሚያገኙት፣ አንዳንዱ ልጅ ኩራት ይሰማዋል፣ ቶሎ ይበስላል፣ ቋንቋውም ይጎለብታል፣ አንዳንዱ ይጨነቃል፣ ልዩነቱን ከሚያመጡት አንዱ የሚተረጉመው ጉዳይ ክብደት ነው። የሱቅ ደረሰኝ ማንበብና የካንሰር ውጤት መንገር አንድ አይደሉም። ያንተ አንጎል በ9 ዓመቱ «እኔ ከተሳሳትኩ ቤተሰቡ ይወድቃል» ብሎ ተምሯል፣ ስልክ ሲጮህ ልብህ የሚመታው ለዛ ነው፣ አሁንም ተረኛ ነህ።

ልጅ የወላጅን ቦታ የሚይዝበትን ነገር ስም አውጥቶ በደንብ የጻፈበት ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ የሚባል ሳይካትሪስት ነው፣ እሱም ከሃንጋሪ ተሰዶ አሜሪካ የኖረ። ቤተሰብ ውስጥ የማይታይ የሂሳብ መዝገብ አለ ይላል፣ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን ዕዳ አለበት። እኔ የምወድለት ነገር ልጅ ለቤተሰቡ መስጠቱን አይቃወምም፣ መስጠት ደግ ነገር ነው፣ የሚጎዳው የሰጠው ነገር ሳይታይለት፣ እንደ ግዴታ ተቆጥሮ ሲቀር ነው ይላል። አንተ ቤት ውስጥ የወላጆችህ መስዋዕትነት በየቀኑ ይነገራል ብዬ እገምታለሁ። ያንተ 14 ዓመት ግን መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ያውቃል?

ስለዚ መጀመሪያ ያንን ሌላ ከተማ ያለውን ሥራ እንቢ ማለትህን ለእናትህ ንገራት። ልትወቅሳት ሳይሆን እንድታውቀው። ብዙ ወላጆች እኮ ልጃቸው የተወውን ነገር ጭራሽ አያውቁም፣ አንተ «ሆድ ይፍጀው» ስላልክ። ልትደነግጥ ትችላለች፣ ልትቆጣም ትችላለች፣ «ማን አስቀረህ!» ልትልህም ትችላለች፣ ተዘጋጅ። ሁለተኛ፣ የማስተርጎሙን ሥራ በአንዴ አትጣል፣ ቤቱ ይናጋል አንተም በጸጸት ትሞታለህ፣ ቀስ ብለህ አስረክብ። ከታናናሾችህ አንዱ ቀለል ያለውን ደብዳቤ ይያዝ (የሐኪሙን ግን እንዳታወርሰው፣ ተወው እሱን)፣ ለሐኪም ቀጠሮ ስትደውል «አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በል፣ አንተ ከፈለግክ ሄደህ እንደ ልጅ እጇን ይዘህ ተቀመጥ። ለስልኩም ሰዓት ስጠው፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ ብለህ በቃልህ ተገኝ፣ እነሱም ይለምዱታል ልብህም ይለምደዋል።

ንዴቱና ጸጸቱ አንድ ላይ ስለሚመጡ አትደናገጥ፣ የምትወደው ሰው ላይ ካልሆነ ጸጸቱ ባልመጣ። የልብ ምቱ፣ የእንቅልፍ ነገር ካልቀነሰ ግን ቴራፒስት አናግር፣ ከተገኘ ስደት የሚገባው ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀጠሮ «ድንበር አብጅላቸው፣ ለቀህ ውጣ» ብሎህ ቁጭ ይላል፣ እንደዛ ካለህ ደሞ «ቤቴን ትቼ ሳይሆን ቤቴ ውስጥ ሆኜ መተንፈስ ነው የምፈልገው» በለው።

ጥያቄ፦ እዚህ ነው የተወለድኩት፣ 28 ዓመቴ ነው። ቋንቋችንን እሰማለሁ ግን መናገር ያቅተኛል፣ አፌን ስከፍት ዘመዶቼ ይስቃሉ፣ «ፈረንጅ ሆነሻል» ይሉኛል። ውጪ ስሆን ደሞ «ግን ከየት ነሽ? ማለቴ በእውነት ከየት ነሽ?» እባላለሁ። የትም ቦታ ፌክ የሆንኩ ይመስለኛል። ይሄን መልእክት ራሱ የአክስቴ ልጅ ናት የጻፈችልኝ።

መልስ፦ የአክስትሽን ልጅ አመስግኚልኝ። ሰምቶ አለመናገር አለማወቅ አይደለም፣ ቋንቋው ውስጥሽ አለ፣ በሩ ነው የተዘጋው። ስለ ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ብዙ የጻፈው ፍራንሷ ግሮዣን ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሁለት ባለ አንድ ቋንቋ ሰው ተደምሮ አይደለም ይላል፣ እያንዳንዱን ቋንቋ በሚያስፈልገው ቦታና ከሚያስፈልገው ሰው ጋር ነው የሚይዘው። አንቺ በቋንቋችን ምሳ ቀርቧል፣ ነይ፣ አምሮብሻል፣ ተጠንቀቂ የሚለውን ሰምተሽ አደግሽ፣ ስለ ፖለቲካ መከራከር ግን ማንም አልጠየቀሽም። ስለዚ ያ ጎደለ።

«አይደንቲቲ ክራይሲስ» (የማንነት ቀውስ) የሚባለውን ቃል ዓለም አፍ ላይ ያስገባው ኤሪክ ኤሪክሰን ታሪኩ ያንቺን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን የተወለደ፣ እናቱ ዴንማርካዊት አይሁድ፣ አባቱን በዓይኑ አላየውም፣ ያሳደገው እንጀራ አባቱ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ጸጉሩ ወርቃማ፣ እና ምኩራብ ውስጥ ልጆቹ ይሄ የኛ አይደለም ይሉታል፣ ትምህርት ቤት ደሞ አይሁድ ነህ ብለው ያሾፉበታል። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ተሰደደ፣ በኋላ የአባት ስሙን እንኳን ራሱ ነው ያወጣው። ጥያቄውን ሙያው አደረገው፣ ሲመልሰው ኖሮ አልጨረሰውም።

«በእውነት ከየት ነሽ?» ለሚሉሽ ሁሌ ታሪክሽን የመተረክ ግዴታ የለብሽም፣ ደስ ሲልሽ ንገሪ፣ ሲደክምሽ «እዚሁ ነኝ» በይና ወሬ ቀይሪ። የዘመድ ሳቅ ሌላ ነው፣ እሱ ይበልጥ ያማል ምክንያቱም ከራስሽ ሰው ነው። ብዙዎቹ ለክፋት አይስቁም፣ ያቺ የምታስቅ አነጋገር ለነሱ የሕፃንነትሽ ድምፅ ናት፣ ግን ሳቃቸው አፍሽን እንደሚዘጋው አያውቁም፣ እናም አንዷን ለብቻዋ ጠርተሽ ንገሪያት፣ ስትስቁ ቃሉ ይጠፋኛል፣ አርሙኝ እንጂ አትሳቁብኝ በያት። ልምምዱን ከማይስቅ ሰው ጀምሪ፣ ሕፃን ልጅ ጥሩ ነው፣ አያት ካለች ከሷ የሚሻል የለም፣ በድምፅ መልእክት መላክም ጥሩ ነው ምክንያቱም ካልወደድሽው አጥፍተሽ ደግመሽ መቅዳት ትችያለሽ። ቤት ሞልቶ ስትናገሪ አንዱ ከሳቀ ደሞ አብረሽ ሳቂ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺ ግን እንዳትቀመጪ።